ፍላሹ ከማን እጅ መጣ?

የአንባቢያን የኮምፒውተር ጥያቄዎች፣ ከሐዋሳ

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲደርስ የጥያቄዎቻችሁ ዓይነት ይለወጣል። ከዚህ ቀደም ስለ ስልክ ባትሪና ስለ ኢንተርኔት ጥቅል ነበር የምትጠይቁኝ፤ በዚህ ወር ግን አብዛኛው ስለ ቫይረስ፣ ስለተቆለፈ ፋይልና ስለተጠለፈ ቴሌግራም ነው። ስድስቱን መርጫለሁ። ሁሉም ከዚሁ ከከተማችን ናቸው። ስም አላወጣሁም፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥሬአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት አለኝ። ሦስት ኮምፒውተር ነው ያለን። የተማሪ ፍላሽ ስንሰካ ፎልደሮቹ ሁሉ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ይሆናሉ። ኮምፒውተሮቹን ፎርማት አስደርጌ ሁለት ሳምንት አይቆዩም፣ ተመልሶ ይመጣል። ተማሪዎቹ ደግሞ «አንቺ ጋ ነው የተበላሸብኝ» እያሉ ይጣሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ተማሪዎቹ እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም። አንቺም እውነትሽን ነው። አንዱ ፍላሽ ኮምፒውተርሽን ያስይዛል፣ ኮምፒውተርሽ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚሰካበትን ፍላሽ ሁሉ ያስይዛል። በቀን ስንትና ስንት ፍላሽ የሚሰካበት ማሽን በአንድ መርፌ ብዙ ሰው እንደመውጋት ነው። ልወቅስሽ አይደለም። ግን የከተማው ተማሪ ሥራውን ይዞ የሚመጣው አንቺና መሰሎችሽ ጋ ስለሆነ፣ አንድ ፕሪንት ቤት ቢጸዳ የሚተርፈው ሰው ብዙ ነው።

መጀመሪያ ይህን ለተማሪዎቹ ንገሪያቸው፦ ፋይላቸው አልጠፋም። አንዳንዱ ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል፤ በእውነት የሚጠፋው ያኔ ነው። ቫይረሱ የሚሠራው እንዲህ ነው። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቃል። በቦታቸው በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ሁለቴ ስትነኪው መጀመሪያ የራሱን ትንሽ ፕሮግራም ያስነሳል፣ ቀጥሎ የተደበቀውን ፎልደር ይከፍትልሻል። የፈለግሽው ስለተከፈተልሽ ምንም አትጠረጥሪም፣ በዚያችው ቅጽበት ግን ኮምፒውተሩ ተይዟል።

ለምን በሾርትከት ይመጣል ትይኝ ይሆናል። ድሮ ዊንዶውስ ፍላሽ ሲሰካ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም በራሱ የሚያስነሳበት መንገድ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሳው ኮንፊከር የተባለው ትል (በራሱ የሚዛመት የቫይረስ ዓይነት) ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2011 ማይክሮሶፍት ይህን በር በቆዩት ዊንዶውሶችም ላይ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ የፍላሽ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ጣት ይፈልጋል። ስለዚህ ቀስት ያለበት ፎልደር ካየሽ አትንኪው። መጠኑን እዪ፤ ሾርትከት ከሆነ 1 ወይም 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ 2 ኪሎባይት አይሆንም።

ፎርማት ካደረግሽ በኋላ ለምን እንደሚመለስ ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ኦፊሱን፣ የፕሪንተሩን ድራይቨር፣ የአማርኛ መጻፊያውን መልሰሽ የጫንሽው ከየት ነው? ከመሳቢያ ከሚወጣው ከዚያው የድሮ ፍላሽ ከሆነ በሽታውን አብረሽ እየጫንሽው ነው። እዚህ ከተማ በገባሁባቸው ጥገና ቤቶች ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አዲስ አውርጂ። ለአማርኛ መጻፊያ ዊንዶውስ 10 እና 11 የራሳቸው የአማርኛ ኪቦርድ አላቸው፣ ካልተመቸሽ ኪማን የተባለው በነፃ ይወርዳል።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፤ ኮምፒውተሩ ይቀድማል፣ ፍላሹ ይከተላል። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ ገብተሽ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ምረጪ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውሱ ሳይከፈት፣ ቫይረሱም ሳይነቃ ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሦስቱንም በአንድ ቀን፣ አንዱም ፍላሽ ሳይሰካ ጨርሺ። ሁለቱ ጸድተው አንዱ ቢቀር ለምንም አልሆነም። ከዚያ በፍላሹ ላይ የተደበቀው እንዲታይ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን አብሪ፣ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት አንሺ። እውነተኛዎቹ ፎልደሮች ደብዘዝ ብለው ይወጣሉ፤ አንዳንዴ ሁሉም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቀው ታገኛቸዋለሽ። ዎርዱን፣ ፒዲኤፉን፣ ፎቶውን ብቻ መርጠሽ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጪ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጊ፣ መልሺላቸው።

ለዘለቄታው ግን እኔ አንቺን ብሆን ከሦስቱ በደከመው ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራውን ሊኑክስ ሚንት እጭንበት ነበር። በነፃ ነው፣ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ለዊንዶውስ የተጻፈ የሾርትከት ቫይረስ እዚያ አይነሳም፣ የተደበቀውም ፎልደር በቀላሉ ይታያል። የእንግዳ ፍላሽ ሁሉ እዚያ ላይ ብቻ ይሰካ፣ ፋይሉ በውስጥ ኔትወርክ ወደ ሌሎቹ ይለፍ። የፕሪንተርሽ ሞዴል ሊኑክስ ላይ መሥራቱን ቀድመሽ አረጋግጪ እንጂ ሌላው አያስቸግርም። በቴሌግራም መላክ ለሚችል ተማሪ ደግሞ ፍላሽ ጭራሽ አያስፈልገውም፣ በር ላይ ለጥፊላቸው።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለዳታ ትንተና ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ኤስፒኤስኤስ ከኢንተርኔት አወረድኩ። መመሪያው አንቲቫይረሱን አጥፋ ይላል፣ አጠፋሁት። በማግስቱ ፋይሎቼ ሁሉ አልከፈት አሉ፤ ስማቸው መጨረሻ ላይ የማላውቃቸው አራት ፊደላት ተጨምረዋል። በየፎልደሩ «ሪድሚ» የሚል ጽሑፍ አለ። 980 ዶላር ክፈል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490 ይላል። የስምንት ወር ሥራዬ ነው። ከአለታ ወንዶ የቡና ገበሬዎች የቀዳሁት ቃለ መጠይቅም እዚያው ነበር። ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም ፎርማት እንዳታደርግ። አትክፈልም። ከኢንተርኔት አላቅቀው፤ የተቆለፉትን ፋይሎችና ያንን «ሪድሚ» እንዳሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ። ከዚያ በኋላ የምለውን ተረጋግተህ አንብብ፣ ምክንያቱም ሁሉም አልጠፋም።

የገለጽከው ነገር፣ በተለይ 980 እና 490 ዶላሩ፣ ስቶፕ ወይም ዴጃቩ የሚባለው የፋይል ቆላፊ ቤተሰብ መለያ ነው። ይህ ባንክና ሆስፒታል እየመረጠ አይሄድም። የሚያድነው አንተን መሰል ተማሪ ነው፤ ዋና መዛመቻው ክራክና የክራክ ቁልፍ ማመንጫ ነው። አንቲቫይረስህን አጥፋ ያለህም ለዚሁ ነው። ሰው የቤቱን ውሻ እሰርልኝ ካለህ በኋላ ምን ሊያደርግ እንደመጣ መጠየቅ ነበረብህ፤ ግን አሁን እሱን ትተን ወደሚተርፈው እንሂድ።

«ሪድሚው» ውስጥ የግል መለያ ቁጥር የሚል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር አለ። መጨረሻው ላይ የእንግሊዝኛው ትንሹ «ቲ» እና ቁጥር 1 ካሉ ተስፋ አለህ። ቫይረሱ ፋይል ሲቆልፍ ከባለቤቶቹ ሰርቨር ለአንተ ብቻ የተሠራ ቁልፍ ሊያመጣ ይሞክራል። መገናኘት ካቃተው ግን በውስጡ ይዞት የመጣውን፣ ለብዙ ሰው አንድ የሆነውን ቁልፍ ይጠቀማል። ያን ሰዓት ዳታህ አልቆ ወይም ኔትወርክ ተቋርጦ ከነበረ እሰየው። ኤምሲሶፍት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2019 ጀምሮ የዚህን ቤተሰብ መክፈቻ በነፃ ይሰጣል፤ ለቆዩት ዓይነቶችና የጋራ ቁልፋቸው ለተገኘ ይሠራል። ኖ ሞር ራንሰም በሚባለው ድረ ገጽም መፈለግ ትችላለህ፤ እሱን እ.ኤ.አ. በ2016 የከፈቱት የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ ዩሮፖል፣ ካስፐርስኪና ማካፊ ናቸው። ከእነዚህ ውጭ በቴሌግራም «እከፍትልሃለሁ፣ ግማሽ ቅድሚያ ክፈል» የሚልህን አትመን።

ቁልፍህ የግልህ ከሆነ ዎርዱና ኤክሴሉ ዛሬ አይከፈቱም። ያንን በሐቀኝነት ልነግርህ ይገባል። ድምፆቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ይህ ቫይረስ ለመፍጠን ሲል ፋይሉን በሙሉ አይቆልፍም፤ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው። የድምፅህ ፋይል ኤምፒ3 ከሆነ ከኮፒው ላይ የተጨመሩትን አራት ፊደላት አጥፋና በማጫወቻ ሞክረው፤ በተለመደው ጥራት የተቀዳ ከሆነ የሚጎድልህ ከመጀመሪያው ወደ 10 ሰከንድ ነው። የገበሬው ስምና ሰላምታ ይጎድል ይሆናል፣ ንግግሩ ግን ይኖራል። ስልክ ላይ የተቀዳው ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ስለሆነ በቀላሉ አይከፈትም፤ እሱንም ቢሆን በዚያው ስልክ የተቀዳ አንድ ጤነኛ ፋይል እንደ ናሙና ወስደው የሚጠግኑ ፕሮግራሞች አሉ። ስልኩንም እየው፣ ቅጂዎቹን ሳታጠፋቸው ረስተህ ይሆናል።

የጽሑፉን ደግሞ እየዞርክ ሰብስብ። ለአማካሪህ በኢሜይል የላክኸው ረቂቅ «የተላኩ» ውስጥ አለ። ለጓደኛህ በቴሌግራም የላክኸው አለ። ፕሮፖዛልህን ያሳተምክበት ፕሪንት ቤት ኮምፒውተር ላይ ሳይጠፋ ሊኖር ይችላል። ስምንት ወር ሙሉ ባይመለስ ስድስቱ ይመለሳል።

አንድ ሌላ ነገር፤ ይህ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ፓስወርድ ሌባ አብሮ ይዞ ይመጣል። በዚያ ላፕቶፕ ላይ የምትጠቀምባቸውን ሁሉ፣ ኢሜይልህን አስቀድመህ፣ ዛሬውኑ ከስልክህ ቀይራቸው። ከዚያ ላፕቶፑን በንጹሕ ዊንዶውስ ጫነው። ለትንተናው ደግሞ ጃስፕ የተባለ የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሠራው ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የኤስፒኤስኤስ ፋይል ይከፍታል። ፒኤስፒፒም አለ። ለማስተርስ የሚፈለገውን አብዛኛውን ይሠሩልሃል፤ ክራክ አያስፈልግህም። በየማታው ስትጨርስም ፋይሉን ለራስህ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ ላከው። ዎርድ ፋይል ምን ያህል ዳታ ይበላል?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ድጋፍ አብቅቷል የሚል መልእክት እያመጣ ያስቸግረኛል። የልጅ ልጄ አፕዴት ዳታ ይበላል ብላ ዘግታዋለች። ማሽኑ ደህና ይሠራል። የግድ መለወጥ አለብኝ?

መልስ፦ መምህር፣ ላፕቶፑን ይጣሉ አልልዎትም። አፕዴቱን ግን ያስከፍቱ።

ምክንያቱን በአንድ ታሪክ ላስረዳዎት። መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ውስጥ ለተገኘ ከባድ ክፍተት ማስተካከያ አወጣ። ግንቦት 4 ቀን፣ ለሁለት ወር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ተነሳ። ማንም ምንም ሳይነካ በዚያው ክፍተት ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዘለለ በጥቂት ቀናት ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ማሽኖችን ያዘ። እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ታካሚ እስከመመለስ ደረሱ። ማስተካከያውን የጫነ ሁሉ በዚያ መንገድ አልተነካም። የተጎዳው አፕዴቱን ያላደረገው ነበር። የተጎዱት ማሽኖችም እስከዚያች ቀን ጠዋት ድረስ ደህና ይሠሩ ነበር።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ የሚሰጥ ማራዘሚያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. አለ፤ አፕዴት ገጹ ላይ መመዝገቢያው ይወጣል፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው የቅንብር ምትኬን ካበሩ ያለ ክፍያ ነው። ይህን የልጅ ልጅዎ በ10 ደቂቃ ትጨርሰዋለች። እግረ መንገዷን ማሽኑ ዊንዶውስ 11 ይቀበል እንደሆነ ትመልከት። ካልተቀበለ እላይ ያነሳሁት ሊኑክስ ሚንት ለእርስዎ ዓይነት ሥራ ይበቃል።

ዳታው እውነት ይበላል። እሷ የዘጋችው «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብርታ ይሆናል፤ እሱ ሲበራ አብዛኛው አፕዴት አይወርድም። በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ነው ዋናው የሚወጣው። በዚያ ሳምንት አንድ ማታ የሌሊት ጥቅል ገዝታ ትክፈተው፣ ሲያልቅ ትዝጋው። በወር አንድ ሌሊት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የድሮ የፈተና ወረቀቶችዎ በቪዥዋል ግዕዝ ከተጻፉ ሲስተም ከመቀየርዎ በፊት ፎንቱን አብረው ያስቀምጡ፤ አለዚያ ፊደሉ ይዘበራረቃል። ፒዲኤፍ አድርገውም ያስቀሯቸው። የስንት ዓመት ልፋትዎ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ አሞራ ገደል አሳ ትሸጣለች፤ ሆቴሎች በቴሌግራም ነው የሚያዟት። የአክስቴ ልጅ «ለልጄ ውድድር ድምፅ ስጪልኝ» ብላ ሊንክ ላከችላት። ስልክ ቁጥር ጠየቃት፣ ቀጥሎ ኮድ ጠየቃት፣ አስገባች። አሁን በእሷ ስም ለሆቴሎቹ «5 ሺህ ብር በአስቸኳይ ላኩልኝ» የሚል መልእክት እየሄደ ነው። ቴሌግራሙ እሷም ስልክ ላይ ይከፈታል።

መልስ፦ ለእህታችን ያኔውኑ መልሼላታለሁ፤ ለሌሎቻችሁ ደግሞ እነሆ።

በእሷ ስልክ መከፈቱ ትልቅ ዕድል ነው። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ የቀድሞውን ወዲያው እንዲያባርር አይፈቅድም፤ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። የቆየው ስልክ ግን አዲሱን በሴኮንድ ያባርረዋል። ስለዚህ ቀኑ ሳይመሽ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ዲቫይስስ» ገብታችሁ ሌሎቹን ሁሉ የሚያስወጣውን ቀይ ጽሑፍ ንኩ። ወዲያው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብርታችሁ ፓስወርድና የኢሜይል አድራሻ አስገቡ። ከዚህ በኋላ ኮዱ ብቻውን ለሌባ አይበቃውም።

ከዚያ ለሆቴሎቹ ደውሉ። በድምፅ። በዚያው ቴሌግራም ብትጽፉ ማን እንደጻፈ በምን ያውቃሉ? የአክስት ልጅም ራሷ የተጠለፈች ናት፣ አትቀየሟት፣ እሷም ጋ ደውሉ። ሰው ብር ልኮ ከሆነ ለባንኩና ለፖሊስ ያመልክት፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይህን ወንጀል ያደርገዋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ሌባው በገባበት ሰዓት የቆየውን መልእክት ሁሉ ማንበብ ይችላል። እናትሽ የባንክ ወይም የቴሌብር ሚስጥር ቁጥሯን እንዳይጠፋኝ ብላ እዚያ ጽፋው ከነበረ፣ ወይም የመታወቂያ ፎቶ ልካ ከነበረ፣ ቁጥሩን ዛሬ ትቀይረው።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዊንዶውሴ አፕዴት ይደረጋል። ዊንራርንም ማደስ አለብኝ? ዚፕ መክፈቻ ምን ያመጣል?

መልስ፦ አዎ፣ ዛሬውኑ። ዊንራር በራሱ አይታደስም፣ የዊንዶውስ አፕዴትም አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ2023 የተገኘበት ክፍተት እንዲህ ነበር፦ በተጨመቀው ፋይል ውስጥ ያለ ፎቶ ስትነካ ከኋላው የተደበቀ ሌላ ፕሮግራም ይነሳ ነበር። በ6.23 ተስተካከለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ፋይሉን ስትፈታ አንተ ባልመረጥከው ቦታ፣ ለምሳሌ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ የሚነሳ ፎልደር ውስጥ፣ ሌላ ነገር የሚጥል ክፍተት ተገኘ፤ በ7.13 ተዘጋ። ሁለቱንም ማስተካከያው ሳይወጣ በፊት የተጠቀሙባቸው ጠላፊዎች ነበሩ። «ሄልፕ» ውስጥ ቁጥሩን እይ። ከ7.13 በታች ከሆነ አጥፍተህ ከራሱ ከዊንራር ድረ ገጽ አዲሱን ጫን። በየቀኑ በኢሜይል የማታውቀው ሰው ደረሰኝና ፕሮፎርማ የሚልክልህ ሰው ስለሆንክ ይህ ለአንተ ከማንም በላይ ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ ሁለት አንቲቫይረስ ቢኖረኝ የበለጠ አይጠብቀኝም?

መልስ፦ አይጠብቅህም። እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ፣ ማሽኑን ያንቀራፍፋሉ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲፌንደር ካልጠፋና ከታደሰ ለቤት ይበቃል። የጠረጠርከው አንድ ፋይል ካለ ቫይረስ ቶታል ላይ ስቀለው፤ በብዙ አሥር አንቲቫይረሶች በአንዴ ያስፈትሽልሃል። እዚያ የሰቀልከውን ግን ሌሎች ድርጅቶችም ያዩታል፤ የደመወዝ ዝርዝርና የመታወቂያ ፎቶ እንዳትሰቅልበት።